የብር ዋጋና የሴፍቲኔት ክፍያ፤ ማዕከላዊ ባንክ በዋጋ ንረት ወቅት ያለበት ኃላፊነትና ተጠያቂነት

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አካባቢዎች፣ በተለይም ወደ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች የሚያዘነብሉት ቆላማ ቀበሌዎች፣ በተደጋጋሚ በዝናብ እጥረት የሚጠቁ ናቸው። በእነዚህ ቀበሌዎች የሚኖር አነስተኛ መሬት ያለው አርሶ አደር ከዓመቱ የተወሰኑትን ወራት የሚመገበው ከገበያ ገዝቶ ነው። በመሆኑም የብር የመግዛት አቅም ጉዳይ የከተማ ነዋሪውንና የደመወዝተኛውን ብቻ ሳይሆን፣ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ገበያዎች እህል የሚሸምተውን አርሶ አደርም በቀጥታ ይመለከታል።

የብርን ዋጋ የመጠበቅ ኃላፊነት የተጣለው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ላይ ነው። ከዚህ ባንክ መቋቋም በፊት የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ የማዕከላዊ ባንክንም ሆነ የንግድ ባንክን ሥራ በአንድነት ያከናውን ነበር። በ1955 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 206 ሁለቱ ተግባራት ተለያይተው ብሔራዊ ባንክ በ1956 ዓ.ም ራሱን ችሎ ሥራ ጀመረ። ባንኩ ገንዘብ ያትማል፣ የውጭ ምንዛሪ ክምችትን ያስተዳድራል፣ ባንኮችን ይቆጣጠራል፣ በኢኮኖሚው ውስጥ የሚዘዋወረውን የገንዘብ መጠንም ይወስናል።

የዋጋ ንረት ከሁለት ምንጮች ሊመነጭ ይችላል። አንደኛው የአቅርቦት ችግር ነው፤ ዝናብ ሲቀር፣ መንገድ ሲዘጋ ወይም የነዳጅና የማዳበሪያ የዓለም ዋጋ ሲያሻቅብ የሚከሰተው ነው። ሁለተኛው የገንዘብ መጠን ከምርት ዕድገት በላይ ሲጨምር የሚፈጠረው ነው። ማዕከላዊ ባንክ ዝናብ ሊያዘንብ አይችልም። ነገር ግን በአንድ ወረዳ የደረሰ ድርቅ በአገር አቀፍ የገንዘብ መብዛት እንዳይባባስ የማድረግ ኃላፊነት አለበት።

ለዚህ ጉልህ ማሳያ የሚሆነው የ2000 ዓ.ም የዋጋ ንረት ነው። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የዕለት ክፍያውን 6 ብር አድርጎ የተነሳው፣ ገንዘቡ 3 ኪሎ ግራም ያህል እህል ይገዛል በሚል ስሌት ነበር። በሐምሌ 2000 ዓ.ም ግን አገር አቀፉ የዋጋ ንረት ከ60 በመቶ በላይ ደረሰ። በዚሁ ዓመት ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢደረግም ከገበያው ጋር እኩል ሊራመድ አልቻለም። ለአብነት ያህል የአንድ ኪሎ እህል ዋጋ ከ2 ብር ወደ 4 ብር ቢያድግ፣ በ6 ብር 3 ኪሎ ይገዛ የነበረ ሠራተኛ በ8 ብር የሚያገኘው 2 ኪሎ ብቻ ነው። እርከን የሠራበት ቀን አላጠረም፤ የተከፈለው ብርም በቁጥር ጨምሯል፤ ወደ ቤቱ የገባው እህል ግን ቀንሷል። በጊዜው በርካታ የፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ከሚሆን በእህል ቢሆን የመረጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ብሔራዊ ባንክ በወቅቱ እርምጃ ወስዷል። ባንኮች ከሰበሰቡት ተቀማጭ ውስጥ በብሔራዊ ባንክ የሚያስቀምጡትን የመጠባበቂያ ድርሻ በ1999 ዓ.ም ማብቂያ ከ5 ወደ 10 በመቶ፣ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ደግሞ ወደ 15 በመቶ ከፍ አደረገ። ይህ እርምጃ ባንኮች የሚያበድሩትን ገንዘብ ይቀንሳል። ሆኖም መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በሚወስደው ቀጥታ ብድር የሚሸፍን ከሆነ፣ በአንድ በኩል የተሰበሰበው ገንዘብ በሌላ በኩል ተመልሶ ወደ ገበያው ይገባል። የማዕከላዊ ባንክ ነጻነትና ተጠያቂነት ጉዳይ ዋነኛ መነሻም ይኸው ነው።

ባንኩ ሊመዘንበት የሚችል ግልጽ ግብ ያስቀመጠው በነሐሴ 2015 ዓ.ም ነበር። የዋጋ ንረቱን በሰኔ 2016 ዓ.ም ከ20 በመቶ በታች፣ በሰኔ 2017 ዓ.ም ደግሞ ከ10 በመቶ በታች ለማድረስ ማቀዱን ይፋ አደረገ። ለዚህም የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥና ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥታ ብድርም እንዲቀንስ ወሰነ። የመጀመሪያው ግብ በ19 ነጥብ 9 በመቶ ለጥቂት ተሳካ። ሁለተኛው ግን አልተደረሰበትም፤ በሰኔ 2017 ዓ.ም የተመዘገበው የዋጋ ንረት 13 ነጥብ 9 በመቶ ነው። በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ አይዘነጋም።

የሕግ ማዕቀፉም ተሻሽሏል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ያጸደቀው አዲሱ የብሔራዊ ባንክ አዋጅ የዋጋ መረጋጋትን የባንኩ ቀዳሚ ዓላማ ያደርጋል፤ ለመንግሥት በሚሰጥ ብድር ላይም ገደብ ይጥላል። የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴም በዚሁ ወር የመጀመሪያ ስብሰባውን አካሂዶ ውሳኔውን ለሕዝብ አሳውቋል።

ይሁን እንጂ ንረትን የመግታት እርምጃ ዋጋ ያስከፍላል። መነሻው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የሆነውን ጸደይ ባንክን የመሰሉ ተቋማት የሚያቀርቡት ብድር ለገጠሩ ነዋሪ በሬ መግዣ፣ ማድለቢያና መነገጃ ነው። የብድር ጣሪያ ሲጣል ይህም ብድር ሊጠብ ይችላል። ጣሪያው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ወደ 18 በመቶ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ መደረጉ ባንኩ ሁለቱን ፍላጎቶች ለማመጣጠን የሚያደርገውን ጥረት ያመለክታል።

ግብ ሳይሳካ ሲቀር ምን መደረግ አለበት ለሚለው የእንግሊዝ ተሞክሮ ትምህርት ይሰጣል። በዚያች አገር የዋጋ ንረቱ ከ2 በመቶ ግብ በላይ ወይም በታች ከአንድ መቶኛ ነጥብ ካለፈ፣ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ምክንያቱንና የሚወስደውን እርምጃ ለገንዘብ ሚኒስትሩ በግልጽ ደብዳቤ ያስረዳል። የመጀመሪያው ደብዳቤ የተጻፈው እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2007 ንረቱ 3 ነጥብ 1 በመቶ በደረሰ ጊዜ ነው። አሠራሩ የሚጠይቀው ገዥው ፈጽሞ እንዳይሳሳት ሳይሆን፣ የሆነውን ሳይሸሽግ እንዲያስረዳ ነው።

በወረዳና በዞን ደረጃ ያሉ ኃላፊዎችና ባለሙያዎችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በየገበያው የሚታየውን የእህል ዋጋ በወቅቱ መዝግቦ ለክልልና ለፌዴራል ማሳወቅ፣ የሴፍቲኔት ክፍያ ሳይዘገይ እንዲደርስ ማድረግ፣ ክፍያው ከገበያው ጋር ሳይጣጣም ሲቀር በማስረጃ አስደግፎ ማሻሻያ መጠየቅ ከእነርሱ ይጠበቃል። በንረት ወቅት በሁለት ወር የዘገየ ክፍያ ከተከፋዩ እጅ የተቀነሰ እህል ነውና።

ድርቁ የተፈጥሮ፣ ንረቱ የብሔራዊ ባንክ፣ መዘግየቱ የወረዳ ነው እየተባለ ኃላፊነት ከአንዱ ወደ ሌላው ከተገፋ ማንም ሳይጠየቅ ይቀራል። እያንዳንዱ አካል ድርሻውን ለይቶ በአኃዝ ሲያስረዳ ግን፣ በእርከን ሥራ የዋለው የስማዳ ወይም የጋይንት አርሶ አደር የድካሙ ዋጋ በገበያ ላይ የቀነሰበትን ምክንያትና ሊጠይቀው የሚገባውን አካል ለማወቅ ይችላል።