ከጉበት ቀዶ ሕክምና በኋላ የትኛው ማደንዘዣ ይሻላል?



በካንሰር ወይም ከውሻ በሚተላለፍ ጥገኛ ትል በሚመጣ የውሃ ቋጠሮ ምክንያት ጉበታቸውን በቀዶ ሕክምና የሚታከሙ ወገኖች አሉ። ቁስሉ ከቀኝ ጎድን በታች ረጅም ስለሆነ መተንፈስና ማሳል ያማል። ሕመሙን ፈርቶ በደንብ የማይተነፍስ ታካሚ ደግሞ ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ስለዚህ ሕመምን ማስታገስ የሕክምናው አካል ነው።

ከቦሌ፣ ከገርጂም ሆነ ከአያት ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ግል ሆስፒታል የሚሄድ ቤተሰብ «የጀርባ መርፌ ሽባ ያደርጋል» የሚለውን ወሬ ሰምቶ ሊፈራ ይችላል። እውነታው ግን እንደየዘዴው ይለያያል።

ኤፒዱራል፦ በጀርባ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ ማደንዘዣው ለቀናት ይሰጣል። ሕመምን በደንብ ያስታግሳል፤ ሆኖም የደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን የሚሠራው ጉበት በመሆኑ፣ ከፊሉ ሲቆረጥ የደም መርጋት ለጥቂት ቀናት ሊዳከም ይችላል። በዚያ ጊዜ ቱቦው ቢወጣ ደም ፈስሶ ነርቭን ሊጫን ይችላል። ይህ እምብዛም አያጋጥምም፤ ቢሆንም ቱቦው ከመውጣቱ በፊት ደም ይመረመራል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢራስ የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ ኤፒዱራል በክፍት የጉበት ቀዶ ሕክምና ለሁሉም ታካሚ እንዲሰጥ ያልመከረውም በእነዚህ ዓይነት ስጋቶች ነው።

የሞርፊን መርፌ፦ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ይሰጣል፤ አንድ ቀን ገደማ ይሠራል። ማሳከክና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ አልፎ አልፎ አተነፋፈስን ስለሚያዘገይ የቅርብ ክትትል ይፈልጋል።

የጡንቻ መካከል ማደንዘዣ፦ በአልትራሳውንድ እየታየ በሆድ ወይም በጀርባ ጡንቻዎች መካከል ይወጋል። የደም ግፊትን የመቀነስ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ነገር ግን በዋናነት የሚያደነዝዘው የቁስሉን አካባቢ እንጂ የውስጡን ሕመም ስላልሆነ ሌላ ማስታገሻ ይጨመርበታል።

እንግዲህ ለሁሉም የሚሆን አንድ መርፌ የለም፤ ምርጫው በታካሚው ደምና ጉበት ሁኔታ ይወሰናል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የአንስቴዥያ ባለሙያውን «የደም መርጋት ምርመራው እንዴት ነው? የትኛው ዘዴ ነው የታሰበው? ሌሊት ማን ይከታተለዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ታካሚው ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነም አትደብቁ።

«ሞርፊን ሐራም አይደለም ወይ?» ለሚሉ፣ ለሕክምና ሲያስፈልግ በሐኪም ትእዛዝና በልኩ መውሰድን ዑለማዎች ይፈቅዳሉ። ሶብር ማለት መድኃኒትን እምቢ ማለት አይደለም። መቆም ያልቻለ ታካሚም ተቀምጦ፣ ካልቻለም ተኝቶ ይሰግዳል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድ። አሚን።