ደባል የሚገባበት ቤትና የቤተ ሰብ ጤና

ባገራችን ሰው መቀበል የቆየ ልማድ ነው። ከሩቅ የመጣ መንገደኛ እግሩን ታጥቦ፥ እህል ቀምሶ፥ መደብ ላይ ጋደም ይላል። ነገር ግን ለአንድ ሌሊት የሚያድር እንግዳና በየወሩ እየከፈለ የሚኖር ደባል አንድ አይደሉም። እንግዳ ነገ ይሄዳል። ደባል ግን ከናንተ ጋር አንድ አየር ይተነፍሳል፤ ከአንድ እንስራ ይጠጣል፤ በአንድ መጸዳጃ ቤት ይጠቀማል፤ ሲታመምም እዚያው ይታመማል።

ብዙ የገጠር ቤተ ሰቦች ወደ ወረዳ ከተማ ገብተው ቤት ይከራያሉ። ኪራዩ ሲከብዳቸው አንዱን ክፍል፥ አንዳንዴም የአንዱን ክፍል ግማሽ፥ መልሰው ለሌላ ያከራያሉ። ደባል የሚሆኑትም ብዙውን ጊዜ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከገጠር የመጡ ልጆች፥ የቀን ሠራተኞችና ገበያ ተከትለው የሚዞሩ ነጋዴዎች ናቸው። ደግሞም ልጅዋን ስንቅ አስይዛ ወደ ከተማ የምትልክ የገጠር እናት አለች፤ የርስዋም ልጅ በሌላ ሴት ቤት ደባል ነው። ይህ ምክር ለሁለቱም እናቶች የተጻፈ ነው።

«አንድ ሰው ቢጨመር ምን ይጎዳል? ኪራዩን ያግዘናል» የሚል ይኖራል። ማገዙስ እውነት ነው። ነገር ግን ቤቱ ሳይሰፋ ሰው ሲበዛ፥ በሽታውም ጠቡም ይበዛል። ይህንን አስቀድሞ ያላሰበ ሰው በኪራይ ያገኘውን በሕክምና ይከፍለዋል። ስለዚህ ገንዘቡን ከመቁጠር በፊት በቤቱ ውስጥ የሚተኛውን ሰው መቁጠር ይገባል።

1ኛ. የቤቱን ባለቤት ስለ ማስፈቀድ

የተከራያችሁት ቤት የናንተ አይደለም። ስለዚህ ደባል ከመግባቱ በፊት ለባለቤቱ መንገርና ፈቃዱን በጽሑፍ መቀበል ይሻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተከራዩትን ቤት መልሶ ስለ ማከራየትም ደንብ አለው። ደባል አስገባችሁ ማለት ከባለቤቱ ጋር ያላችሁ ውል ቀረ ማለት አይደለም። ደባሉ ኪራይ ባይከፍል፥ በር ቢሰብር ወይም መጸዳጃ ቤቱን ቢደፍን፥ ባለቤቱ የሚጠይቀው እናንተን ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ፥ በሚሠራባቸው ከተሞች፥ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዝዛል። ከ2 ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ መቀበልንም ይከለክላል። ማንበብ የማትችል እናት ውሉን ለምታምነው ሰው ታስነብብ፤ ሳይነበብላት ግን አትፈርም።

2ኛ. ስለ አየር

አንድ ክፍል ለሁለት ሲከፈል ብዙ ጊዜ መካከሉ በአቡጀዲ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ይጋረዳል። መጋረጃ ግን ዓይንን እንጂ ትንፋሽን አይከለክልም። ከወዲያ የሳለው ሰው ትንፋሽ ከወዲህ ለተኛው ሕፃን ይደርሳል።

የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው። በሽተኛው ሲስል ወይም ሲያነጥስ ጀርሙ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ክፍሉ የተዘጋ ከሆነ እዚያው ይቆያል፤ መስኮት ከተከፈተ ግን ነፋስ ይበትነዋል። ማጅራት ገትርም ሰው በተጨናነቀበት ቤት በቶሎ ይዛመታል፤ በተለይም በበጋ ወራት ይነሣል።

ስለዚህ የሚተኛበት ክፍል ሁሉ የሚከፈት መስኮት ይኑረው። ቢቻል አንዱ መስኮት ወይም በር ከሌላው ፊት ለፊት ቢሆን አየሩ ገብቶ ይወጣል። ጧት ከእንቅልፍ ስትነሡ በርና መስኮት ከፍታችሁ ፀሐይ አስገቡ። መኝታውም በተቻለ መጠን ይራራቅ። ቦታ ከጠበበ አንዱ ራስጌውን ወዲህ፥ ሌላው ወዲያ አድርጎ ይተኛ፤ ይህ ትንፋሽን ያራርቃል። መስኮት የሌለውን ጓዳ ግን ለሰው መኝታ አታከራዩ፤ ጓዳ የእህልና የዕቃ ቦታ ነው።

3ኛ. ስለ ከሰል

ደባል በጠባብ ክፍሉ ውስጥ ያበስላል፤ ሲመሽም ብርዱን ለመከላከል ከሰሉን እንዳለ ትቶ በሩን ይዘጋል። ይህ ሰው ይገድላል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው መርዛም አየር ሽታ የለውም፤ አይታይም። የተኛው ሰው ራሱን ያመዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ ከዚያም ሳይነቃ ይቀራል። ስለዚህ ምግብ የሚበስለው በማድ ቤት ወይም በደጅ ይሁን። ከመኝታ በፊት ምድጃው ፍሙ እንዳለ ከክፍሉ ይውጣ። ለደባሉ ይህንን በገባበት ቀን ንገሩት፤ ኋላ እነግረዋለሁ አትበሉ።

4ኛ. ስለ ልብስና ስለ መኝታ

ሰው በተጠጋጋበት፥ ውሃም በጠፋበት ቤት ቅማል ትራባለች። ቅማል በልብስ ስፌት ውስጥ ትኖራለች፤ እንቁላልዋንም በዚያው ትጥላለች። ሰውዬው ትኩሳት ሲይዘው ሙቀቱ ስለማይስማማት ትታው በአጠገቡ ወደ ተኛው ሰው ትሄዳለች። የቅማል ተስቦና ግርሻ የሚባሉት በሽታዎች በዚህ ሁኔታ ይተላለፋሉ።

ሻርል ኒኮል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1909 (እ.ኤ.አ.) በቱኒስ ከተማ ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። ተስቦ የያዛቸው ሰዎች ከሆስፒታሉ በር ውጪ ሳሉ በሽታውን ለሌላ ያስተላልፋሉ። ገላቸውን ታጥበውና ልብሳቸውን ለውጠው ከገቡ በኋላ ግን ለማንም አያስተላልፉም። እንግዲህ ከበር ላይ የቀረው ምንድን ነው? ልብሳቸው ነው፤ በልብሱም ውስጥ ቅማል ነበረች። ይህንኑ በምርመራ አረጋገጠ፤ በ1928 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ያገራችን ሰውም የእንግዳውን እግር የሚያጥበው ገና እንደ ገባ ነው። ለደባል ግን እግር ብቻ አይበቃም። በገባበት ቀን ልብሱና ብርድ ልብሱ ይታጠብ። እንዳያፍር «ይህ የቤታችን ደንብ ነው፤ ለሁሉም ነው» ብላችሁ ንገሩት። ልብሱ በሚፈላ ውሃ ይዘፍዘፍ፤ ሲደርቅም ስፌቱ በጋለ ካውያ ይተኮስ። መቀቀል የማይቻል ልብስ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ 2 ሳምንት ቢቀመጥ ቅማሉ ይሞታል። በአንድ ጋቢ መልበስና በአንድ ሰሌን መተኛት ይቅር።

ቅማል በጥፍር መደፍጠጥም ክፉ ልማድ ነው። የግርሻ ጀርም የሚወጣው ቅማልዋ ስትፈርጥ ነው፤ በቆሰለ ጣት ወይም ዓይንን በማሸት ወደ ሰውነት ይገባል። ትኩሳት፥ ብርድ ብርድ ማለትና ብርቱ ራስ ምታት የያዘው ሰው ከሱቅ ክኒን ገዝቶ አይዋጥ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የግርሻ መድኃኒት ሲሰጥ በሽተኛውን ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ መጠበቅ አለበት።

እከክም እንዲሁ ነው። በጣቶች መካከል ያሳክካል፥ ሌሊት ይብሳል። አንድ ሰው ብቻ ቢታከም ከሌላው መልሶ ይይዘዋል። የተያዘበት ሰው ለ4 ወይም ለ6 ሳምንት ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ቤተ ሰቡም ደባሉም፥ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፥ በአንድ ቀን መድኃኒቱን ይቀቡ።

5ኛ. ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ውሃ

የጋራ መጸዳጃ ቤት ሁሉ ይጠቀምበታል፥ ማንም አያጸዳውም። ጠብም የሚነሣው ከዚህ ነው። መድኃኒቱ ተራ መግባት ነው። የሳምንቱ ቀኖች ተከፋፍለው በግድግዳ ላይ ይጻፉ። ደባሉ ወንድ ነው ተብሎ ከተራው አይቀርም፤ የሚጠቀም ሁሉ ያጸዳል። ጉድጓዱ ክዳን ይኑረው። የሕፃን ዓይነ ምድርም በሜዳ አይጣል፤ እሱም በሽታ አለው። ጉድጓዱ ከውሃ ጉድጓድ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀና ከውሃው በታች በኩል የተቆፈረ ይሁን።

በመጸዳጃ ቤቱ ደጅ ውሃና ሳሙና ይቀመጥ፤ ሳሙና ከጠፋ አመድ ይሁን። በውሃ ሒሳብ ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚቀረው እጅ መታጠብ ነው። ስለዚህ ደባሉ ለውሃ ምን ያህል እንደሚከፍል፥ ወይም በቀን ስንት ጀሪካን እንደሚቀዳ፥ ሲገባ ይወሰን። የእጅ መታጠቢያው ውሃ ግን ለሁሉም ይሁን፤ ማንም አይከለከል።

የመጠጥ ውሃ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። እያንዳንዱ ኩባያውን እየነከረ አይቅዳ፤ ከጀሪካኑ እያዘነበለ፥ ወይም እጀታ ባለው ንጹሕ መቅጃ ይቅዳ። ውሃው የሚያጠራጥር ከሆነ ይፍላ፥ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ይጨመርበት።

6ኛ. ስለ ልጆች ጥበቃ

የማታውቁትን ጎልማሳ ከልጆች ጋር በአንድ ክፍል አታስተኙ፤ ክፉ ሰው ነው ብሎ ለመጠርጠር ሳይሆን ልጆቹን ለመጠበቅ ነው። የደባሉ ክፍል የራሱ በር፥ የልጆቹም ክፍል ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ይኑረው። ልጆች ለደባል እንዲላላኩና ብቻቸውን ወደ ክፍሉ እንዲገቡ አታድርጉ። ልጅ አንዳች ነገር ብትነግራችሁ «ዝም በይ» አትበልዋት፤ ስሟት።

7ኛ. ደባሉ ቢታመም

አንዲት እናት የጤና ባለሙያዋን እንዲህ ብላ ብትጠይቅ፤

«ልጄ፥ ያ ደባላችን ሌሊቱን ሙሉ ይስላል። ልጆቼ አሉብኝ፤ ከነልብሱ ላስወጣው ወይስ ምን ይሻለኛል?»

መልሱ ይህ ነው፤

«አይ እማማ፥ እንዲህ አያድርጉ። ቢያስወጡት በሽታውን ይዞ ሌላ ቤት ይገባል። ልጆችዎም ትንፋሹን ተንፍሰውታልና እሱ በመውጣቱ ብቻ አይድኑም። ደግሞም ነገ የሚመጣው ደባል ይህንን ሰምቶ ሳሉን ይደብቅዎታል። የተደበቀ ሳል ከታወቀ ሳል የከፋ ነው።»

እንግዲህ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው፥ በተለይም ሌሊት የሚያልበውና የከሳ ከሆነ፥ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ይመርመር። ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል። በትክክል መውሰድ የጀመረ በሽተኛ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ማስተላለፉ በጣም ይቀንሳል። ተሻለኝ ብሎ በመካከል ካቋረጠ ግን በሽታው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ማዳኑ ከባድ ነው። ከሱ ጋር የኖሩትም ሁሉ ይመርመሩ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ባይታመሙም የመከላከያ መድኃኒት ስለሚያስፈልጋቸው ይዛችኋቸው ሂዱ።

ድንገት ትኩሳት፥ ብርቱ ራስ ምታትና የአንገት መገተር የያዘው ሰው ግን የማጅራት ገትር ምልክት ነውና ለነገ አይባልም። በዚያው ቀን፥ በዚያው ሰዓት ይወሰድ።

8ኛ. ልጅዋን ወደ ከተማ ለምትልክ እናት

ልጅሽን ከመላክሽ በፊት አንቺ ወይም አባቱ ሄዳችሁ ክፍሉን እዩ። ስለ ኪራዩ ብቻ አትጠይቁ። መስኮት አለው ወይ? ስንት ልጆች ይተኙበታል? መጸዳጃ ቤቱ የት ነው? ውሃ ከየት ይቀዳል? ልጅቷ ከሆነች በሩ ከውስጥ ይዘጋል ወይ? ኪራዩ ረከሰ ተብሎ ስድስት ልጆች መስኮት በሌለው አንድ ክፍል ቢታጨቁ፥ የተረፈው ገንዘብ ትርፍ አይደለም። ልጅሽ ስንቅ ለመውሰድ ሲመጣ ልብሱን ቀቅለሽ እጠቢለት፤ ሳሙናም ከስንቁ ጋር ጨምሪለት። ሳል ወይም እከክ ይዞት እንደሆነ ጠይቂው፤ ልጅ አፍሮ ይደብቃል።

ደባል ከመግባቱ በፊት የሚነጋገሩበት

በመጀመሪያው ቀን፥ ሰው ገና ሳይቀያየም፥ እነዚህን በምስክር ፊት ተነጋግራችሁ በወረቀት አስፍሩ።

1. ኪራዩ ስንት ነው? መቼ ይከፈላል?
2. በክፍሉ ስንት ሰው ይተኛል? ደባል ሌላ ደባል እንዳያስገባ።
3. የውሃና የመብራት ድርሻው ስንት ነው?
4. መጸዳጃ ቤትና ግቢ የማጽዳት ተራው በየትኛው ቀን ነው?
5. የት ያበስላል? ከሰል በመኝታ ክፍል እንዳይገባ።
6. ቢታመም ለማን ይነገራል? የቤተ ሰቡስ ስልክ ስንት ነው?
7. ለመልቀቅ ወይም ለማስለቀቅ ከስንት ቀን በፊት ይነገራል?

«ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደሚባለው፥ ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሲነገር ቀላል ነው፤ ከጠብ በኋላ ግን ከባድ ነው። ደባል ማስገባት ነውር አይደለም፤ ብዙ ልጆች የተማሩት፥ ብዙ ቤቶችም ኪራያቸውን የቻሉት በዚህ ነው። ነገር ግን ቤታችሁ ለስንት ሰው እንደሚበቃ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። መስኮቱ፥ ውሃውና መጸዳጃ ቤቱ የማይበቃ ከሆነ፥ «ቦታ የለንም» ማለት ክፋት አይደለም፤ ያንን ሰውም የራሳችሁንም ልጆች ከበሽታ መጠበቅ ነው።