የቆላው ኪሮሽ፦ ባለ እብጥ የአልጋ ልብስ ከጥጥ ክር

ኪሮሽ ጫፏ ቆልመም ባለች አንዲት አጭር ዘንግ ክርን ቀለበት በቀለበት ውስጥ እየሳቡ ጨርቅ የሚያወጡበት የእጅ ሥራ ነው። ሹራብ በሁለት መርፌዎች ላይ የተደረደሩ ብዙ ክፍት ቀለበቶችን ተሸክሞ የሚያድግ ሲሆን፣ በኪሮሽ ግን አንዱ ስፌት አልቆ ሌላው ሲጀመር በዘንጓ ላይ የሚቀረው ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ሠራተኛዋ እንግዳ ቢመጣባት ወይም ልጅ ቢያለቅስባት፣ ያችን አንዲት ቀለበት ሰፋ አድርጋ ስባ ሥራውን አስቀምጣ ብትሄድ ተመልሳ ካቆመችበት ትቀጥላለች። በኢትዮጵያ ከተሞች ሙያው ይበልጥ የሚታወቀው ዳንቴል በሚባለው፣ በቀጭን ክር ተሠርቶ የሶፋን መደገፊያ፣ የቴሌቪዥንን ራስና የጠረጴዛን ገጽ በሚያለብሰው ጌጥ ነው። ገጹ ከፍና ዝቅ እያለ በእጅ ሲዳሰስ እብጠቱና ጎድጓዳው የሚለየው የአልጋ ልብስ ግን ከዳንቴል የበለጠ ክር፣ የበለጠ ጊዜና የበለጠ ስሌት ይጠይቃል።

ከገዋኔ ወደ ሚሌ በሚወስደው የጅቡቲ መንገድ ላይ ለምትገኘው አዳይቱ፣ እንዲሁም በአዋሽ ሸለቆ ላሉት ለአዋሽና ለሰመራ ከተሞች፣ ብርድ ልብስ የሚመስል ነገር መሥራት በመጀመሪያ እይታ ከቦታው ጋር የማይሄድ ሊመስል ይችላል። በሰመራ አካባቢ በሞቃቶቹ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ብዙ ሰውም ሌሊቱን አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ ከሰማይ በታች ያሳልፋል። ነገር ግን ደጅ የሚተኛ ሰው ንፋስ የሚከላከልለትና ሊነጋ ሲል የሚመጣውን ቅዝቃዜ የሚመክትለት ልብስ ያስፈልገዋል፣ አራት ድርብ የሆነው ጋቢም ለዚህ አገር በብዙዎቹ ወራት ይከብዳል። ከጥጥ ክር የተሠራና ገጹ ያበጠ የኪሮሽ ልብስ በስፌቶቹ መካከል አየር ያሳልፋል፤ እብጠቶቹም ጨርቁ በሙሉ ገጹ ከገላ ጋር እንዳይጣበቅ ከፍ አድርገው ይይዙታል። በብርድ አገሮች እብጠቱ ሙቀት ለማቆር የሚፈለግ ሲሆን፣ በቆላ ግን ክሩ ጥጥ እስከሆነ ድረስ ያው እብጠት ለመተንፈሻ ያገለግላል።

ጥጡ ራሱ የሸለቆው ሀብት መሆኑ ጉዳዩን ይበልጥ ቅርብ ያደርገዋል። ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በሽርክና የተከለው የተንዳሆ እርሻ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በታችኛው አዋሽ ሰፊ መሬት በጥጥ ሸፍኖ ነበር፤ በመካከለኛው አዋሽም የወረር የእርሻ ምርምር ማዕከል በዚያው ዘመን ተቋቁሞ በጥጥ ዝርያዎች ላይ ሲሠራ ኖሯል። ለዚህ ልማት የወንዙ ዳር የበጋ ግጦሽ ከአፋር አርብቶ አደሮች እጅ እንደወጣ መዘንጋት አይገባም፤ ሸለቆው የከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር። ጥጡ ተዳምጦ ወደ ሌላ ቦታ ፋብሪካዎች ሲሄድ በኖረበት አገር፣ በጥጥ ክር የሚሠራ የቤት ሙያ ሥር ቢሰድ ተገቢ ነው።

በገበያ የሚገኘው ክር በሁለት ይከፈላል። አክሪሊክ ከነዳጅ ዘይት ተዋፅኦ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክር ሲሆን ቀላልና ቶሎ የሚደርቅ ቢሆንም ላብ ስለማይመጥጥ በሙቀት ቀን ገላ ላይ ይጨንቃል፤ ጥጥ ግን ይመጥጣል፣ በሙቅ ውሃ መታጠብም ይችላል፣ ጉድለቱ ክብደቱና መሳሳቡ ነው። የሚያብረቀርቅ የጥጥ ክር ጆን መርሰር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1850 መብቱን ካስመዘገበበት ዘዴ የመጣ ነው፤ ጥጡ በኮስቲክ ሶዳ ሲነከር ይጠነክራል፣ ቀለምም በደንብ ይይዛል፣ ተወጥሮ ሲነከር ደግሞ ያበራል። ይህ ክር እብጠቱን ጉልህ አድርጎ ስለሚያሳይ ለጌጥ ይመረጣል፤ ለሚለበሰው ግን ያልተነከረው ለስላሳ ጥጥ ይሻላል።

የሥራው መሠረት ሰንሰለት ነው፤ ቀለበት በቀለበት ውስጥ እየተሳበ የሚወጣ፣ የጨርቁን ወርድ የሚወስን አንድ መስመር። ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ ይህን መስመር ያጠብቁታል፣ ውጤቱም ከታች የተሰበሰበ፣ ከላይ የሰፋ ልብስ ይሆናል፤ ለሰንሰለቱ ብቻ አንድ ቁጥር ወፈር ያለች ዘንግ መጠቀም ይህን ያስቀራል። በሰንሰለቱ ላይ የሚቆመው ስፌት፣ ክር በዘንጓ ላይ ጠምጥሞ ደረጃ በደረጃ በመሳብ የሚሠራው፣ ቁመት ስላለው እዚህ ቋሚ ይባል። እብጠት የሚገኘው ቋሚውን በሁለት መንገድ በማዛባት ነው። በመጀመሪያው መንገድ አምስት ቋሚዎች በአንዲት ቀዳዳ ውስጥ ሳይጨረሱ ይደረደሩና የሁሉም የመጨረሻ ቀለበት በአንድ ጊዜ ይዘጋል፤ ለአንድ ስፌት በተተወ ቦታ አምስት ስለታጨቁ ወደ ውጭ ከመውጣት በቀር ማምለጫ የላቸውም። አምስቱ ተጨርሰው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቢያያዙ ደግሞ በብዙ አገሮች በፈንዲሻ ስም የሚጠራው፣ ይበልጥ የተነሣ እብጥ ይወጣል። የመጀመሪያው ዓይነት እብጥ ከሠራተኛዋ ፊት ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ በጨርቁ የጀርባ ረድፍ ላይ ሲሠራ ነው በፊት ለፊት ጎልቶ የሚታየው፤ ይህን ያልተረዳች ጀማሪ እብጠቷን ሁሉ በውስጥ በኩል ታገኘዋለች።

ሁለተኛው መንገድ ዘንጓን በስፌቱ ራስ ሳይሆን በግንዱ ዙሪያ ማስገባት ነው። ከፊት ወደ ኋላ ዞራ በፊት ስትወጣ ስፌቱ ወደ ፊት ይነሣል፣ ከኋላ ስትዞር ደግሞ ይሰርጋል። አራት ወደ ፊት፣ አራት ወደ ኋላ እየተደረገ ጥቂት ረድፍ ተሠርቶ ከዚያ ቢገላበጥ፣ ገጹ አንዱ ሰበዝ በሌላው ላይና ሥር የሚያልፍበትን የዘንባባ ምንጣፍ ይመስላል። የአፋር ሴቶች የዘንባባ ቅጠል ሰንጥቀው፣ ቀለም ነክረው፣ ደቦይታ የሚባለውን ተንቀሳቃሽ ቤት የሚያለብሱበትንና የሚተኙበትን ምንጣፍ ሲሠሩ ኖረዋል፤ የጥለት ቆጠራ፣ የቀለም ድግግሞሽና የጠርዝ አዘጋግ ዕውቀት በእጃቸው አለ። የኪሮሽ ጥለት ከውጭ አገር ወረቀት ብቻ መቅዳት ለአዳይቱ ሴት አያስፈልጋትም፣ የተሻለው ምንጭ ከእናቷ ምንጣፍ ላይ ይገኛል።

ስሌቱ ከናሙና ይጀምራል። በተመረጠው ክር፣ ዘንግና ጥለት 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ተሠርቶ፣ ታጥቦና ደርቆ ይመዘናል። 6 ግራም ቢመዝን፣ 160 በ200 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልብስ 320 እንዲህ ያሉ ቁራጮችን ስለሚያክል ክሩ 1,920 ግራም፣ ማለትም ወደ ሁለት ኪሎ ይደርሳል። እብጥ ጥለት ከለጥ ያለው ይልቅ ብዙ ክር ስለሚበላ ናሙናው ራሱ እብጥ ሊሆን ይገባል። ክሩም በአንድ ጊዜ ተገዝቶ በእሽጉ ወረቀት ላይ ያለው የቀለም ቁጥር አንድ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ዕቃ በመኪና በሚመጣባት የመንገድ ከተማ ያው ቀለም ዳግመኛ ላይገኝ ይችላል፣ በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክርም ልብሱ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል።

በሙቀት አገር ልብሱን እንደ አንድ ጨርቅ ከመሥራት ይልቅ በየቁራጩ መሥራት ይመረጣል። ከላይ ያለው ልኬት 20 በ20 ሴንቲ ሜትር በሆኑ 80 ካሬዎች፣ ስምንት በወርድና አሥር በርዝመት ሆኖ ይሞላል፤ ሠራተኛዋም ሁለት ኪሎ ጥጥ ጭኗ ላይ ዘርግታ ከመቀመጥ ትድናለች፣ የተበላሸ ካሬም ሌላውን ሳይነካ ይለወጣል። ካሬዎቹ ከመያያዛቸው በፊት በውሃ ረጥበው በልካቸው ተወጥረው መድረቅ ይኖርባቸዋል፤ ይህ ካልተደረገ ጠርዝ ከጠርዝ አይገጥምም። ያለቀው ልብስ በገመድ ላይ ሲሰቀል የውሃው ክብደት ስለሚያስረዝመው በምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ፣ ፀሐይ ቀለሙን እንዳትበላው በጥላ ይደርቃል። የእብጡ ጎድጓዳ የመንገዱን አቧራ ስለሚይዝ ልብሱ ቶሎ ቶሎ መራገፍና መታጠብ አለበት፤ ቀዳዳዎቹም ትንኝን አይከለክሉምና የወባ አጎበርን ሊተካ አይችልም።

እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች በሽታ ረኀብ ባመጣባት አየርላንድ መነኮሳት ለሴቶች ኪሮሽ አስተምረው፣ ብዙ ቤተሰብ ከዚያ ሽያጭ ቀለብ አግኝቷል። ሙያው ለቤተሰብ እንጀራ ሊሆን እንደሚችል ይህ ያስረዳል፤ የሚሆነው ግን ዋጋው ሲከበር ነው። አንዱ ካሬ ሁለት ሰዓት ቢወስድ 80ው 160 ሰዓት ይፈጃል፣ ይህም ማያያዙ ሳይቆጠር በቀን ስምንት ሰዓት የተሠራ የ20 ቀን ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ልብስ ለመግዛት የሚከራከር ሰው የክሩን ኪሎ ብቻ ሳይሆን እነዚህን ሰዓቶች ቆጥሮ ዋጋ ሊያቀርብ ይገባዋል።