ጠርቶ የሚወጣው ውኃ የሚደብቀው

ተጣርቶ የወጣ ፍሳሽ በብርጭቆ ቢቀዳ ከምንጭ ውኃ ለመለየት ይቸግራል። አሜሪካ ውስጥ አትላንታ አካባቢ ባለ አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ እንጀራዬም ዓይን የማያየውን መለካት ነው። ናሙናው ላይ ሞሊብዴትና ቫይታሚን ሲ ያለበትን ድብልቅ ጨምሬ ጥቂት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ፎስፌት ካለበት ውኃው ሰማያዊ ይሆናል፤ በበዛ ቁጥርም ቀለሙ ይጠቁራል።

ፎስፌት ውስጥ ያለው ፎስፈረስ በራሱ መርዝ አይደለም። ገበሬው ማሳው ላይ በሚበትነው ዳፕ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ያው ንጥረ ነገር ነው። ከምግባችን፣ ከሽንት ቤታችንና ከሳሙናችን ወደ ፍሳሹ ይገባል። ጣቢያው ቆሻሻውን አስቀርቶ፣ ጀርሙን ገድሎ ውኃውን ሲለቅ፣ ፎስፈረስን ለማስቀረት ታስቦ ካልተሠራ አብዛኛው አብሮ ይወጣል። ሐይቅ ሲደርስ አልጌን ያፋፋል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ባክቴሪያዎች የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውም ታፍኖ ያልቃል።

ከአትላንታ በታች፣ በጆርጂያና በአላባማ ግዛቶች ወሰን ላይ ያለው ዌስት ፖይንት ሐይቅ ይህ ጣጣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደርሶበታል። የከተማዋ ፍሳሽ በቻታሁቺ ወንዝ የሚወርደው ወደዚያ ነው። በ1990 ጆርጂያ በልብስ ሳሙና ውስጥ የሚገባውን ፎስፌት በሕግ ገደበች። ትልልቆቹ ጣቢያዎችም በሊትር ከ0.75 ሚሊግራም በላይ ፎስፈረስ እንዳይለቁ ታዘዙ። በወንዙ የሚወርደው ፎስፈረስም በጉልህ ቀነሰ።

ከከተማዋ በላይ ያለው ሌኒየር ሐይቅ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በአካባቢው ያለው የጉዊኔት ካውንቲ አስተዳደር የሚጠጣውን ውኃ የሚቀዳው ከዚያ ነው፤ ካጣራው ፍሳሽም ከፊሉን መልሶ እዚያው ይለቃል። የፍሳሽ መልቀቂያ ፈቃዱ እስከ ጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ በ2004 ፈቃዱ እንደገና እንዲመረመር ወሰነ። በኋላ የተቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.08 ሚሊግራም ነው።

ፎስፈረሱን ከፍሳሹ የማስቀረቱ ሥራ በከፊል የሚሠራው በባክቴሪያ ጉልበት ነው። ባክቴሪያዎቹ መጀመሪያ ኦክስጅን በሌለበት ገንዳ ይቆያሉ፤ ቀጥሎ ኦክስጅን ሲያገኙ ፎስፈረሱን ከወትሮው አብልጠው ይውጡታል። ከዚያ ከዝቃጩ ጋር ይወገዳሉ። ጉዊኔት ከዝቃጩ ፎስፈረሱን አውጥቶ ጠጣር ማዳበሪያ ያደርገዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአዲስ አበባ ፍሳሽ በአቃቂ ወንዞች ወርዶ የሚጠራቀምበት አባ ሳሙኤል ግድብ በእምቦጭ ሲሸፈን የምናየው ይኸው ነገር ነው፤ እምቦጭም እንደ አልጌው በፍሳሹ ውስጥ ባለው ፎስፈረስ ይፋፋል። ስለዚህ አዲስ ማጣሪያ ጣቢያ ሲመረቅ «በቀን ስንት ሜትር ኩብ ያጣራል?» ብለን ብቻ አንለፍ። «በሊትር ስንት ፎስፈረስ ይለቃል? ማን ይለካዋል? ውጤቱስ ለሕዝብ ይነገራል?» ብለን እንጠይቅ። እዚህ አትላንታ አካባቢ ለውጥ የመጣው ቁጥሩ በሕግ ተጽፎ ጣቢያዎቹ ሲጠየቁበት ነው።