ከጨረቃ ጋራ በሬዲዮ መነጋገር ይቻላልን?

ጨረቃን የማያውቃት የለም። ገበሬው በብርሃኗ አውድማውን ይጠብቃል፤ መንገደኛው በእርሷ ይመራል። በባሕረ ሐሳብ በዓላት የሚወጡት የእርሷ ልደትና ሙላት ተቈጥሮ ነው፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም ጾማቸውን የሚይዙት እርሷን አይተው ነው። እኔ ግን ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት ስለ ብርሃኗ አይደለም። ሬዲዮን በገዛ ፍላጎታቸው የሚያጠኑ ሰዎች ከጨረቃ ላይ የሚላክ መልእክት በቤታቸው ሆነው ሊቀበሉ ይችላሉን? የሚለውን ጥያቄ በክፍል የተማርነውን ፊዚክስ መሠረት አድርጌ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍሁት በእኛው አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ አማተር ሬዲዮ ምን እንደ ሆነ እንወቅ። አማተር የሚባለው ለገንዘብ ወይም ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀት ሲል ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብሎ በራሱ መሣሪያ ከሌሎች ጋራ የሚነጋገር ሰው ነው። እያንዳንዱ አማተር የጥሪ ምልክት ይሰጠዋል፤ የምልክቱም መነሻ ፊደሎች አገሩን ያስታውቃሉ። የአገራችን መነሻ «ኢ ቲ» ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ የሚገኘው በአዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሲሆን የጥሪ ምልክቱ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ አማተሮች ይህን ምልክት ሲሰሙ ኢትዮጵያ እንደ ጠራቻቸው ያውቃሉ።

አሁን ወደ ሞገዱ እንመለስ። አጭር ሞገድ የሚባለው የሬዲዮ ዓይነት ከምድር በላይ ባለው በኤሌክትሪክ በተሞላው የአየር ክፍል ላይ ነጥሮ ይመለሳል። በሌሊት የሩቅ አገር ጣቢያ በትንሽ ሬዲዮ የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ድግግሞሹ ከፍ ያለው ሞገድ ግን ይህን ክፍል ሰንጥቆ ስለሚያልፍ አካሄዱ እንደ ብርሃን ቀጥታ ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። እዚሁ አዘዞ ባለው በአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አብራሪዎቹ ከማማው ጋራ የሚነጋገሩት በእንዲህ ያለው ሞገድ ነው። አውሮፕላኑ በሰማይ ሳለ ከሩቅ ይሰማል፤ ከተራራ ጀርባ ዝቅ ቢል ግን ድምፁ ይጠፋል። ይህ ጠባይ በምድር ላይ እንደ ጉድለት ይቈጠራል፤ ወደ ጨረቃ ለሚልክ ሰው ግን ዋናው ጥቅም እርሱ ነው፤ ሞገዱ ከምድር ካልወጣ ጨረቃ አይደርስምና።

ከጨረቃ ጋራ የተደረገው የመጀመሪያው የሬዲዮ ግንኙነት እንደ ገደል ማሚቶ ያለ ነበር። በጥር 1938 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመገናኛ ባለሙያዎች ከኒው ጀርሲ ሞገድ ወደ ጨረቃ ልከው ተመልሶ ሲመጣ ሰሙት። በሐምሌ 1952 ዓ.ም. ደግሞ በካሊፎርኒያና በማሳቹሴትስ ያሉ ሁለት የአማተር ክበቦች ጨረቃን እንደ መስተዋት አድርገው እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ።

ጨረቃ ከእኛ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ሬዲዮ በአንድ ሴኮንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ደርሶ ለመመለስ 2.56 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ይህን በአገራችን ገደል ብናስተያየው፣ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 435 ሜትር ከሚርቅ ገደል ፊት ቆሞ የሚጮኽ እረኛ ማሚቶውን የሚሰማው በዚያው ያህል ጊዜ ነው። ልዩነቱ በድካሙ ላይ ነው። የጨረቃ ገጽ ከሚደርሰው የሬዲዮ ሞገድ መልሶ የሚያንጸባርቀው ከመቶ 7 እጅ ያህሉን ብቻ ነው፤ እርሱም በየአቅጣጫው ይበተናል። የቀረውን ደካማ ድምፅ ከጫጫታ መካከል ለይቶ የሚያወጣ የአጻጻፍ ዘዴ ካወጡት መካከል አንዱ አሜሪካዊው ጆ ቴይለር ናቸው። እኚህ ሰው በ1986 ዓ.ም. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ሁለት ሊቃውንት አንዱ ሲሆኑ ራሳቸውም አማተር ናቸው።

የማሚቶው ነገር ይህ ከሆነ፣ ከጨረቃ ራሷ የሚነሣ መልእክትስ? ይህን ለመረዳት ቀረብ ካለው እንነሣ። በኅዳር 1976 ዓ.ም. ጠፈርተኛው ኦወን ጋሪየት ከጠፈር መንኰራኵር ውስጥ በአማተር ሬዲዮ ምድርን አነጋገረ። ከ1993 ዓ.ም. ወዲህም በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚኖሩ ጠፈርተኞች በልዩ ልዩ አገር ካሉ ተማሪዎች ጋራ በዚሁ መንገድ ሲነጋገሩ ቆይተዋል። ጣቢያው ወደ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚዞር በቀላል መሣሪያ ይሰማል። ጨረቃ ግን ከዚህ 961 ጊዜ ትርቃለች። የሞገድ ኃይል በርቀቱ ካሬ ልክ እንደሚቀንስ ተምረናል፤ 961ን በራሱ ብናባዛው 923,521 ይሆናል። እንግዲህ ያው መሣሪያ ከጨረቃ ላይ ቢላክ ድምፁ ከዘጠኝ መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይደክማል ማለት ነው።

ቢሆንም ነገሩ በሕልም ብቻ አልቀረም። በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ሰው ጨረቃን በረገጠበት ቀን ላሪ ቤይሲንገር የተባለ አሜሪካዊ አማተር በገዛ እጁ በሠራው አንቴና የጠፈርተኞቹን ድምፅ ከጨረቃ በቀጥታ ለመቀበል ቻለ። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. 14 ኪሎ የሚመዝን የአማተር ማሰራጫ በቻይና ሮኬት ተጭኖ በጨረቃ አጠገብ አለፈ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ሎንግጂያንግ 2 የተባለችው የቻይና ትንሽ መንኰራኵር ወደ ጨረቃ ተላከች፤ የአማተር ሬዲዮዋን ያዘጋጁት በሃርቢን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉ ሰዎች ነበሩ። በጥር 2011 ዓ.ም. ምድርንና እኛ የማናየውን የጨረቃን ጀርባ በአንድነት አንሥታ የላከችው ፎቶግራፍ በኔዘርላንድ አገር በድዊንገሎ ባለው 25 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ ተቀባይነት አገኘ። ሥራዋንም ፈጽማ በሐምሌ 24 ቀን 2011 ዓ.ም. በጨረቃ ላይ እንድትወድቅ ተደረገ። ሁሉም ግን አልቀናውም፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የአማተር ሬዲዮ ይዛ የተላከችው የጃፓን መንኰራኵር ኦሞተናሺ ግንኙነቷ ተቋርጦ ጨረቃ ላይ ለማረፍ ሳትችል ቀርታለች።

እኛም ከዚህ ታሪክ ፈጽመን ሩቅ አይደለንም። አሥመራ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችበት ዘመን፣ ከ1957 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1967 ዓ.ም.፣ አሜሪካውያን በቃኘው ጣቢያ 26 ሜትርና 46 ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሁለት ታላላቅ ዲሾች ተክለው ሶቪየቶች ወደ ጨረቃና ወደ ፕላኔቶች የሚልኳቸውን መንኰራኵሮች ያዳምጡ ነበር። አሥመራ የተመረጠችበትም ምክንያት ነበራት። የሶቪየት ጣቢያ በክሪሚያ ስለ ነበረና ሁለቱ ስፍራዎች በኬንትሮስ ስለሚቀራረቡ፣ መንኰራኵሩ ለክሪሚያ ሲታይ ለአሥመራም ይታያል። አዘዞ የምትገኘው በእነዚሁ በሁለቱ ኬንትሮስ መካከል ነው። በአገራችን ከፍታ ላይ ሆኖ ጨረቃን ማዳመጥ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሚሆነው የሚያዳምጠው የአገሩ ተማሪ ሲሆን ነው።

ታዲያ ተራ ሰው ይህን ያህል ታላቅ ዲሽ ሳይኖረው ይችላልን? እኔ እንደሚቻል አምናለሁ፤ ምክንያቴንም በቍጥር ላሳይ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ወደ ሰማይ የወጣችው የኳታር ሳተላይት ለአማተሮች የተለየ ክፍል ይዛለች። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአንድ ስፍራ የቆመች ስለምትመስል፣ ከእኛ አገር ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘንበል ብላ ከፍ ብላ ትገኛለች። በእርሷ በኩል የሚመጣውን የአማተሮች ንግግር በየቤቱ ጣራ ላይ እንደምናየው ባለ የቴሌቪዥን ዲሽ መቀበል ይቻላል። ጨረቃ ከዚህች ሳተላይት 10.7 ጊዜ ያህል ትርቃለች፤ በካሬ ሲሆን ወደ 114 ጊዜ መድከም ማለት ነው። ነገር ግን ሳተላይቷ ምድርን በሙሉ ለማዳረስ ሞገዷን 17 ዲግሪ ያህል መዘርጋት አለባት። ከጨረቃ ሲታዩ ግን ምድር በጠቅላላ ስፋቷ 2 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ስለዚህ በጨረቃ ላይ ያለው ጣቢያ ሞገዱን ሰብስቦ ወደ ምድር ብቻ ቢልክ 84 ጊዜ ያህል ያጠነክረዋል። 114ን ለ84 ብናካፍል የሚቀረው ድካም አንድ ጊዜ ተኩል እንኳ አይሞላም። ለዚህም በዚያው ድግግሞሽ በጨረቃ ላይ የሚያስፈልገው ዲሽ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ብቻ ነው። እንግዲህ በርቀት የጠፋውን ኃይል በመሰብሰብ አብዛኛውን መመለስ ይቻላል።

እርግጥ ሌላ ችግር አለ። የጨረቃ ሌሊት በእኛ አቈጣጠር 14 ቀን ያህል ይረዝማል፤ ብርዱም ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በእጅጉ ያልፋል፤ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ መሣሪያ ይህን ሌሊት የሚያልፍበት ኃይል ማጠራቀም አለበት። በጨረቃ ጀርባ ያረፈ መሣሪያም ምድርን ስለማያይ መልእክቱን የሚያስተላልፍለት ሌላ ሳተላይት ያስፈልገዋል። በፊቷ ያረፈው ግን ምድርን ሁልጊዜ ከሞላ ጎደል በአንድ ስፍራ ያያታል፤ ጨረቃ ያንኑ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ የምትዞር ናትና።

ይህን ሁሉ ለአንድ የክፍል ጓደኛዬ ባጫወትሁት ጊዜ፣ «ወንድሜ፣ መብራት በሚጠፋበት አገር የጨረቃ ወሬ ምን ያደርግልናል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለምና በደንብ አሰብሁበት። ታላቅ ወንድሜ ለሥራ ወደ መተማ ሄዶ ሳለ የስልክ መስመር ተቋርጦ እናቴ ሁለት ወር ሙሉ ወሬውን ሳትሰማ ቆይታለች። በየማታው መኪና በመጣ ቍጥር ወደ በር ትወጣ ነበር። በመጨረሻ ደኅንነቱን ያወቅነው አንድ ሾፌር ባመጣልን ቍራጭ ወረቀት ነው። በክልላችን በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ እንዲህ ያለ ጭንቀት ያላየ ቤት ጥቂት ይመስለኛል።

የጨረቃ ሬዲዮ ለእናቴ ወሬ አያመጣላትም። ነገር ግን ከጨረቃ የሚመጣን ደካማ ድምፅ ለመስማት የሚያስፈልገው ዕውቀት፣ በጥቂት ዋት ኃይል ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው መልእክት ለማድረስ ከሚያስፈልገው ዕውቀት ጋራ አንድ ነው። አንቴና መሥራት፣ ኃይልን መቈጠብ፣ ድምፅን ከጫጫታ መለየት፣ ሁሉም በሁለቱም ቦታ ይፈለጋል። የምድር መንቀጥቀጥ ወይም ጎርፍ የስልክ ምሰሶዎችን በጣለበት ጊዜ በብዙ አገር መጀመሪያ መልእክት ያደረሱት አማተሮች ናቸው። እነዚያም ሰዎች ችግር እስኪመጣ አልጠበቁም፤ በደኅና ቀን ተማሩ እንጂ። ስለዚህ ለጓደኛዬ የሰጠሁት መልስ፣ ጨረቃ መማሪያችን ናት፤ የምንጠቀመው ግን በምድር ነው የሚል ነበር።

ከዚህም ሌላ ቦታችን የታደለ ነው። አዘዞ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለ ሆነች ጨረቃ በየወሩ ሁለት ጊዜ ያህል ከራሳችን በላይ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ታልፋለች። ዝቅ በምትልበትም ጊዜ ከፍተኛ ስፍራዋ ላይ ስትደርስ ከአድማስ ከ45 ዲግሪ በላይ ናት። ስለዚህ በዙሪያችን ያሉት ተራሮች አያግዱንም። በሰሜን አውሮፓ ያሉ አማተሮች ጨረቃ ከአድማሳቸው ጥቂት ብቻ ከፍ የምትልባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

በመጨረሻ ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ያለኝን አሳብ ላቅርብ። አንደኛ፣ በመምህራኖቻችን መሪነት ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ145.8 ሜጋኸርትዝ የሚመጣውን ድምፅ ለመስማት የሚያገለግል አንቴና በእጃችን እንሥራ። ሁለተኛ፣ ከአገልግሎት የወጣ የቴሌቪዥን ዲሽ ያለው ወላጅ ቢለግሰን የሳተላይቷን ድምፅ ለመቀበል እንሞክር። ሦስተኛ፣ በአዲስ አበባ ላለው ማኅበር ደብዳቤ ጽፈን ምክር እንጠይቅ። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ክልክል ስለ ሆነ ሥራችን በማዳመጥ ይጀመር፤ ስለ መሣሪያውም በትምህርት ቤቱ በኩል የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይጠየቅ። ወጪውን አንድ ተማሪ ብቻውን አይችለውም፤ ነገር ግን አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እኔ በዚህ ዓመት ተፈትኜ ከትምህርት ቤቱ እሰናበታለሁ፤ አንቴናውን ግን ታናናሾቻችን እንዲያገኙት ከመሄዴ በፊት ሠርተን ብናቆመው ደስታዬ ነው።