የወፍጮ ቺንጊያ ለምን ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል?

ወፍጮ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር የወጪ መዝገቡን ቢያገላብጥ የቺንጊያ ግዢ ደጋግሞ ሊያገኝ ይችላል። ቺንጊያ ተበጠሰ፣ ሰው ወደ ከተማ ተላከ፣ አዲስ ተገዝቶ ተገጠመ፤ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ እንደገና ተበጠሰ ይባላል። ነገሩ በመኸር ወቅት ሲደርስ ከቺንጊያው ዋጋ ይልቅ የሥራው መቆም ይጎዳል። እናቶች እህል ተሸክመው ሌላ ቀበሌ ድረስ ይሄዳሉ፣ ማኅበሩም ገቢውን ያጣል።

በፋብሪካ የጥገና ክፍል የሠሩ ሰዎች አንድ ጠቃሚ ልማድ አላቸው። ዕቃ ሲሰበር ምትኩን ከማምጣታቸው በፊት የተሰበረውን አገላብጠው ያያሉ። የተበጠሰ ቺንጊያም ምክንያቱን በገላው ላይ ይዞ ስለሚገኝ ወዲያው መጣል የለበትም። አንዱ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ከሆነ ሁለቱ ፑሌጃዎች ትይዩ አይደሉም ማለት ነው። ሁለቱም ጎኖቹ ደርቀው የሚያብረቀርቁ ከሆነ ቺንጊያው ላልቶ ወይም ጭነት በዝቶበት ሲንሸራተት ኖሯል። ገና አዲስ ሳለ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ውስጡ ያለው ክር ተቆርጦ ከተገኘ ግን ጥፋቱ የአገጣጠሙ ነው። ብዙ ጊዜ ሞተሩን የያዙትን ብሎኖች መፍታት ስለሚሰለች ቺንጊያው በካቻቢቴ እየተፈለቀቀ በግድ ይገባል። ከውጭ ምንም አይታይም፤ ውስጡ ግን ያን ዕለት ተጎድቷል። ብሎኖቹን አላልቶ ሞተሩን ወደ ወፍጮው ማስጠጋት፣ ቺንጊያውን በእጅ ማስገባት፣ ከዚያ ሞተሩን መልሶ መወጠር የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

ፑሌጃዎቹ ትይዩ መሆናቸውን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ግንበኛ ግድግዳ የሚያቀናበት ክር ይበቃል። ክሩ በሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ ተወጥሮ ሲያዝ አራቱንም ጠርዞች እኩል መንካት አለበት። የጠርዛቸው ውፍረት የተለያየ ከሆነ ልኩ ከጎድጓዳው መስመር ይወሰዳል። ውጥረቱን ለመለካት ደግሞ በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ቢሆን፣ መሐሉ በአውራ ጣት ጠበቅ ተደርጎ ሲጫን 16 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለትም የአንድ ጣት ስፋት ገደማ ዝቅ ቢል ደህና ነው። ከዚህ በላይ የተወጠረ ቺንጊያ ኩሽኔታውን ያቃጥላል። አዲስ ቺንጊያ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሚላላ በማግስቱ እንደገና ይታይ።

ባለ ቪ ቅርጽ ቺንጊያ የሚይዘው በጎኖቹ እንጂ በሆዱ አይደለም። የፑሌጃው ጎድጓዳ ወለል ካብረቀረቀ ፑሌጃው ራሱ አልቋል፤ ቺንጊያ ቢለዋወጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ሦስት ቺንጊያ የሚይዝ ወፍጮ ላይ አንዱ ሲበጠስ ሦስቱም አብረው ይለወጡ። አዲሱ ካረጁት ስለሚያጥር ጭነቱን ብቻውን ተሸክሞ ቶሎ ያልቃል። ደህና የሆኑት ሁለቱ አሮጌዎች ለክፉ ቀን ይቀመጡ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቺንጊያው የሚንሸራተት ከሆነ ወደ ድንጋዩ እንመለስ። በእጅ ወፍጮ የሚፈጩ እናቶች ዱቄቱ መሻከር ሲጀምር ወፍጮውንና መጁን ይወቅሩ እንጂ ክንዳቸውን አይወቅሱም። የሞተር ወፍጮም ድንጋዩ ሲደነዝዝ ወይም በደንብ ያልደረቀ እህል ሲገባበት ጭነቱ ይጨምራል፤ የሚቀጣው ግን ቺንጊያው ነው። ኦፕሬተሩ በዚህ ጊዜ የሚያጣብቅ ነገር ቢቀባ ለአንድ ቀን ያህል የረዳው ይመስለዋል፤ ጎማው ግን ይበላሻል። ከመጨረሻው ውቀራ ወዲህ ስንት ኩንታል እንደተፈጨ፣ ቺንጊያው መቼ እንደተለወጠና ምን ዓይነት ጉዳት እንደታየበት ወፍጮ ቤት በተሰቀለ ደብተር ቢጻፍ፣ የልማት ሠራተኛው በሚቀጥለው ጉብኝቱ ከኦፕሬተሩ ጋር ለመነጋገር መነሻ ያገኛል።

ኩሽኔታን በተመለከተ በአጭሩ፦ ግራሶ ሲበዛም ያሞቃል። ወፍጮው እንደቆመ መዳፍ በኩሽኔታው ቤት ላይ ቢያርፍና ለጥቂት ሰከንድ መቆየት ካልቻለ ባለሙያ ይጠራ።

ከላይ የተባለው ማናቸውም ሥራ የሚጀመረው ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ነው። ማብሪያው ተዘግቶ ይቆለፍ፤ ቁልፉም በሚጠግነው ሰው ኪስ ይሁን። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ወፍጮው የቆመው መብራት ጠፍቶ መስሎት ማብሪያውን ሊጫን ይችላል። በደቂቃ 1,450 ጊዜ ገደማ የሚዞር ሞተር በአንዲት ሰከንድ 24 ዙር ይዞራል። የነጠላ ጫፍ ወይም የሻሽ ዘርፍ ከያዘ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ቺንጊያውና ፑሌጃዎቹ በሽቦ ወንፊት ወይም በቆርቆሮ መከለል አለባቸው። መከለያው ለጥገና ሲፈታ ብሎንና ዳዶው በአንድ ጣሳ ይሰብሰብ፤ ሁሉም ተመልሶ ሳይጠብቅ ማብሪያው አይከፈት።