ድምፅን ከፍሰት መለየት፦ በጄት ጩኸት ልኬትና ስሌት ላይ ያለ የጋራ ፈተና

አውሮፕላን ለመነሣት ሲንደረደር ከሞተሩ አፈሙዝ የሚወጣው ፈጣን አየር በዙሪያው ካለው አየር ጋር ሲቀላቀል ሁከት ይነሣል፤ ከሁከቱም ድምፅ ይመነጫል። ይህ ድምፅ በአውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ የሚኖሩ ሰዎችን እንቅልፍ የሚነሣ ቢሆንም፣ ጉልበቱ ከፍሰቱ ጉልበት አንድ ሺሕኛ እንኳ አይሞላም። የጥናቱ ዋና ፈተናም ከዚህ ይጀምራል፦ እጅግ ትንሹን ከእጅግ ትልቁ መለየት።

እ.ኤ.አ. በ1952 ጄምስ ላይትሂል የፍሰትን መሠረታዊ ቀመሮች እንደገና በማደራጀት፣ ሁከቱን በጸጥተኛ አየር ውስጥ እንደተበተነ የድምፅ ምንጭ ቈጠረው። ከዚህም የድምፁ ኃይል ከጄቱ ፍጥነት ስምንተኛ ርቢ ጋር እንደሚያድግ አሳየ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ኃይል 256 እጥፍ፣ ማለትም በ24 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ብዙ አየር በዝግታ የሚገፉ ሰፋፊ ሞተሮች ከቀደምቶቹ ይልቅ ጸጥተኛ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ልኬቱ ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው ግድግዳው ድምፅ በሚመጥ ሽብልቅ በተሸፈነ፣ ማሚቶ በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ድምፁ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስላልሆነ ማይክሮፎኖች በቅስት ይደረደራሉ፤ ፍሰቱ ከሚጓዝበት መስመር 30 ዲግሪ ያህል በራቀው አቅጣጫ ድምፁ ይበረታል። ርቀታቸውም ወሳኝ ነው። ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚጓዙ አዙሪቶች የሚፈጥሩት የግፊት መዋዠቅ አብዛኛው አብሯቸው ያልፋል እንጂ ሞገድ ሆኖ አይርቅም። ወደ ፍሰቱ የተጠጋ ማይክሮፎን ግን ይህንንም እንደ ድምፅ ይመዘግባል።

በስሌቱም ያው ወጥመድ አለ። እያንዳንዱን አዙሪት ሳይተዉ ማስላት የሬይኖልድስ ቁጥር በጨመረ መጠን እጅግ ውድ ይሆናል። ጆናታን ፍሬውንድ በ2001 የማክ 0.9 ጄትን በዚህ መንገድ ሲያሰላ ቁጥሩ 3,600 ነበር፤ በአውሮፕላን ሞተር ግን ሚሊዮኖች ይደርሳል። ስለዚህ ትላልቆቹ አዙሪቶች ይሰላሉ፣ የትንንሾቹ ውጤት በሞዴል ይተካል። ከዚያም ፍሰቱ በምናባዊ ገጽ ይከበብና በገጹ ላይ ከሚገኘው መዋዠቅ፣ ፎክስ ዊሊያምስና ሆኪንግስ በ1969 ባቀረቡት ቀመር የሩቁ ድምፅ ይሰላል። የገጹ የታችኛው ጫፍ ሲዘጋ አዙሪቶች አቋርጠውት ስለሚያልፉ በእውን የሌለ ድምፅ ይወለዳል። አንዱ መፍትሔ ጫፉን በተለያዩ ርቀቶች ላይ ዘግቶ የውጤቶቹን አማካይ መውሰድ ነው፦ እውነተኛው ድምፅ በሁሉም ስለሚጸና ይቀራል፤ ሐሰተኛው በየተለያየ ጊዜ ስለሚደርስ ይዳከማል።

ይሁንና የልኬትና የስሌት መስማማት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። በአፈሙዙ ግድግዳ ላይ ያለው ስስ የአየር ንብርብር ያለ ሁከት ከወጣ፣ የመጀመሪያዎቹ አዙሪቶች እየተጣመሩ በትልቅ ሞተር ላይ የማይጠበቅ ተጨማሪ ድምፅ ያሰማሉ። አነስተኛ የላቦራቶሪ ጄትና ስሌቱ ይህን ጉድለት ሊጋሩ፣ በጉድለታቸውም ሊስማሙ ይችላሉ።

የአፈሙዝን ቅርጽ በማሻሻል የሚገኘው ቅነሳ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ዴሲቤል ብቻ ነው። ሐሰተኛ ድምፅ ይህን ቅነሳ ሊሸፍነው ወይም የሌለውን ሊያሳይ ይችላል። ስለሆነም የንብርብሩ ሁኔታ፣ የማይክሮፎኑ ርቀትና የገጹ አቀማመጥ ከውጤቱ ጋር አብረው መገለጽ ይኖርባቸዋል።